ጌሙ ተሠርቷል፤ ገበያውስ?

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የፕሮግራሙን ወረቀት ያያችሁ ሰዎች ከበር ጀምሮ ስትጠይቁኝ ነበር። «አንቺ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ጌም ምን ታወሪያለሽ? ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብትነግሪን አይሻልም ወይ?» አላችሁኝ። ስለ ደም ግፊት ምሳ ላይ እንነጋገራለን፤ ለጊዜው ጨው ቀንሱ። የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው። ከዚህ ግቢ የሚወጡ ወጣቶች ኮምፒውተር ጌም መሥራት ጀምረዋል። ሥራውን ያውቁታል፤ የሚቸገሩት መሸጡ ላይ ነው። መሸጡን ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሰዎች ልናግዛቸው እንችላለን ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ጌም እንደማወራ ግልጽ ላድርግ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀጥረው፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አፍስሰው የሚሠሯቸው ጌሞች አሉ። እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው። እኔ የማወራው አንድ ሰው ብቻውን፣ ወይም ሦስትና አራት ጓደኛሞች ተሰባስበው በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ጊዜ ስለሚሠሩት ነው። ሙያተኞቹ «ኢንዲ» ይሉታል፤ ራሱን የቻለ ማለታቸው ነው። የበላይ አሳታሚ የለውም፤ ሠሪው ራሱ ለገዢው ይሸጣል።

የእኔ ዘመን ሰዎች የካሴትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ዘፋኙ ሥራውን ይዞ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል፤ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ካመነበት ያሳትማል፣ ካላመነበት ዘፈኑ እዚያው ይቀራል። መደርደሪያውን የያዘው ሰው ገበያውን ይዟል ማለት ነው። የጌም ገበያም እንዲሁ ነበር። ጌም በካርቶን ታሽጎ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይሸጥ ስለነበር፣ አሳታሚ የሌለው ሰው መደርደሪያው ላይ አይደርስም። ከዚህ ለማምለጥ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ አንዳንድ ሠሪዎች የጌሙን የመጀመሪያ ክፍል በነጻ ይሰጡ ነበር። ሰው በዲስክ ገልብጦ ለጓደኛው ይሰጣል፤ የወደደው ቀሪውን ክፍል በስልክና በፖስታ ያዝዛል። በ1993 የወጣው ዱም የተባለው ጌም በዓለም ላይ የተሰራጨው በዚህ መንገድ ነው።

ኢንተርኔቱ ሲሰፋ መደርደሪያው ራሱ ተለወጠ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ስቲም የሚባለውን አገልግሎት ሲጀምር ዓላማው የራሱን ጌሞች ለማደስ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን የሌሎችን ጌሞችም መሸጥ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ የትኛው ጌም ይግባ የሚለውን የሚወስኑት የኩባንያው ሰዎች ነበሩ። በ2012 ምርጫውን ለተጫዋቾች ድምፅ ሰጡት። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ድምፁም ቀርቶ፣ ማንም ሰው ለአንድ ጌም 100 ዶላር ከፍሎ፣ ማንነቱንና የባንክ አካውንቱን አስመዝግቦ መሸጥ ይችላል። ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ መቶ ዶላሯ ትመለሳለች። ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ 30 ቀን መጠበቅ አለ፤ «በቅርብ ቀን» የሚለው የጌሙ ገጽም ከሽያጩ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለሕዝብ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ጌሙ በዓለም ዙሪያ ላለ ገዢ ክፍት ነው።

ስቲም ብቸኛው ገበያ አይደለም። በ2013 የተጀመረው ኢች ዶት አይኦ ሠሪው ለገበያው ስንት ከመቶ እንደሚሰጥ ራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል፤ ካልነካው 10 ከመቶ ነው፣ ከፈለገ ዜሮ ማድረግ ይችላል። ኤፒክ የተባለው ኩባንያ በ2018 መጨረሻ ገበያ ሲከፍት 12 ከመቶ ብቻ እወስዳለሁ ብሎ ነው። ስቲም የሚወስደው 30 ከመቶ ነው። እርግጥ አንድ ጌም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካስገባ ድርሻው ወደ 25፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ከሆነ ወደ 20 ከመቶ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ቅናሹ ለትልቁ እንጂ ለትንሹ አይደርስም። ታዲያ ሰው ለምን ስቲም ላይ ይሸጣል? ገዢው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። መርካቶ ኪራዩ ውድ ነው ተብሎ ሰው በሌለበት ሜዳ ሱቅ አይከፈትም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጌሙ 10 ዶላር ነው እንበል፤ ገዢው አሜሪካ ነው። ከ10 ዶላሩ 3ቱን ገበያው ይወስዳል፤ 7 ይቀራል። አሁን የአሜሪካ መንግሥት ይመጣል። ከአሜሪካ ገዢ የተገኘ የዚህ ዓይነት ገቢ ለውጭ ሰው ሲከፈል፣ የሰውየው አገር ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ከሌለው 30 ከመቶ ከምንጩ ይቀነሳል። ከአፍሪካ ይህ ስምምነት ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እኛ የለንም። ስለዚህ ከ7 ዶላሩ 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይሄድና 4 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይቀራል። የባንክ ማስተላለፊያ አለ፤ አገር ቤት የገቢ ግብር አለ። ሦስት ጓደኛሞች ከሆኑ ደግሞ ለሦስት ይካፈሉታል። ይህም በሙሉ ዋጋ ሲሸጥ ነው። አብዛኛው ገዢ ግን ቅናሽ እስኪመጣ ይጠብቃል። አንዳንዱም ይመልሳል፤ ከ2015 ጀምሮ ስቲም ላይ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ገንዘቡን መልሶ መውሰድ ይችላል።

ይህን ሒሳብ ያመጣሁት ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። አንድ ወጣት «ሺህ ሰው ቢገዛኝ 10 ሺህ ዶላር አገኛለሁ» ብሎ አቅዶ ሥራውን እንዳይለቅ ነው። ሺህ አሜሪካዊ በሙሉ ዋጋ ቢገዛው እንኳ የሚደርሰው 4,900 ዶላር ነው፤ ከዚያም ላይ ገና ተቀናሽ አለ።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ብዛቱ ነው። በሩ ሲከፈት ሁሉም ገባ። በ2024 ብቻ ስቲም ላይ የወጡት ጌሞች ከ18 ሺህ በላይ ናቸው። በቀን ወደ 50 ጌም መሆኑ ነው። ድሮ ችግሩ መደርደሪያው ላይ መድረስ ነበር፤ አሁን ችግሩ መደርደሪያው ላይ ሆኖ መታየት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስኬት የሚወራውን በጥንቃቄ እንድንሰማ እፈልጋለሁ። ስታርዱ ቫሊ የሚባል ጌም አለ፤ እርሻ ወርሶ አትክልት ስለሚተክል፣ ከብት ስለሚያረባ ሰው ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ ወጣት ሲያትል ላይ ሆኖ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ፕሮግራሙንም ብቻውን ሠራው። አራት ዓመት ተኩል ያህል ፈጀበት፤ በዚያ ጊዜ ቲያትር ቤት ውስጥ ተመልካች እያስተናገደ፣ በጓደኛው ደመወዝም እየተደገፈ ነበር የሚኖረው። በፌብሩዋሪ 2016 በ15 ዶላር ግድም ለገበያ አቀረበው፤ በሁለት ወር ገደማ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ሐኪሞች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ድነው ከሆስፒታል የወጡትን ብቻ ቆጥረን ስለ በሽታው ብንናገር ሁሉም በሽታ ቀላል ይመስላል። አራት ዓመት ሠርተው መቶ ቅጂ ያልሸጡትን ማንም ጋዜጠኛ አይጠራቸውም። ከባሮን የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ጌሙን ሲሠራ የሚበላበት ሌላ ነገር ነበረው።

አሁን ለሐኪም ቅርብ ወደሆኑ ሁለት ጌሞች ልምጣ።

የመጀመሪያው ፕላግ ኢንክ ይባላል። ተጫዋቹ ራሱ ተሕዋሲ ይሆንና በዓለም ላይ ይዛመታል፤ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ምን ምልክት እንደሚያሳይ ይመርጣል። የሠራው ጄምስ ቮን የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ፕሮግራመር አልነበረም፣ በትርፍ ጊዜው ነው የጀመረው። ያወጣው ገንዘብ 5,000 ዶላር ግድም ነበር። በ2012 ለአይፎን በ99 ሳንቲም አቀረበው። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2013 ሰውየውን ጠርቶ አነጋገረው። ወረርሽኝ እንዴት እንደሚዛመት ለወጣት ማስረዳት ያቃተንን እሱ በጨዋታ አስረድቷልና። ኮቪድ ሲመጣ ኩባንያው «ይህ ጌም ነው፤ ለመረጃ የጤና ባለሥልጣናትን ጠይቁ» ብሎ አሳወቀ። በፌብሩዋሪ 2020 ቻይና ውስጥ ከገበያ ተነሣበት፤ በወሩ ደግሞ 250 ሺህ ዶላር ለወረርሽኙ መከላከያ ሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ተጫዋቹ ወረርሽኙን የሚያስቆምበትን ክፍል ጨመረበት።

ሁለተኛውን ስናገር ትንሽ ይከብደኛል። ዛት ድራገን ካንሰር ይባላል፤ ያ ዘንዶ፣ ካንሰር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ ራያንና ኤሚ ግሪን የተባሉ ባልና ሚስት ልጃቸው ጆኤል ገና ሕፃን ሳለ የአንጎል ካንሰር ተገኘበት። አባትየው ጌም ሠሪ ነው። ሆስፒታል ያደሩበትን ሌሊት፣ ልጁ ውኃ ፈልጎ መጠጣት ያልቻለበትን ሰዓት፣ ጸሎታቸውን ጭምር ጌም አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ሠራው። ጆኤል በማርች 2014 በአምስት ዓመቱ አረፈ። ጌሙ በጃንዋሪ 2016 ወጣ። የሕፃናት ሐኪም የሆናችሁ ሁሉ ብትጫወቱት እመክራለሁ፤ ወላጅ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ምን እንደሚያይ እኛ ከአልጋው ግርጌ ሆነን አናየውም።

ጌሙ ተመሰገነ፤ በኋላም በ2017 የእንግሊዝ የፊልም አካዳሚ ሽልማት አገኘ። ሽያጩስ? ከሁለት ወር በኋላ አባትየው የሥራ ቡድናቸው እስከዚያ ድረስ ከሽያጩ አንድ ዶላር እንዳላገኘ ጻፈ፤ የመጣው ገንዘብ ዕዳ መክፈያ ሆኖ ነበር። ብዙ ሰው ጌሙን አይቶታል፣ አልቅሶበታል፤ ግን ያየው ሌላ ሰው ሲጫወት የተቀረጸውን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ካየ በኋላ መግዣ ምክንያት አልቀረውም። ፕላግ ኢንክን ግን ሌላው ሲጫወት ያየ ሰው «እኔስ ብሞክረው?» ይላል። ስለዚህ ሁለት መልካም ሥራዎች፣ ሁለቱም ስለ በሽታ፣ ገበያው ላይ የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው። ታሪክ ብቻ የሚተርክ ጌም የሚሠራ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ታሪኩን ይተው አልልም፣ ነገር ግን የትኛውን ክፍል ለቪዲዮ እንደሚፈቅድና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ያስብ።

ሌላም የመሸጫ ዘዴ አለ። በ2010 የተወሰኑ ኢንዲ ጌሞች በአንድ ላይ ተጠቅልለው «የፈለጋችሁትን ዋጋ ክፈሉ» ተብሎ ቀረቡ፤ ሀምብል ኢንዲ በንድል ይባላል። ገዢው ከከፈለው ላይ ስንቱ ለሠሪዎቹ፣ ስንቱ ለበጎ አድራጎት እንደሚሆን ራሱ ይወስናል። በቀናት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት መጫወቻ የሚያቀርብ ቻይልድስ ፕለይ የተባለ ድርጅት ነበር። ሰው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሲነገረው ይከፍላል ማለት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለአፍሪካ ይሆናል ወይ?» የሚል ካለ፣ ካሜሩን ያውንዴ ውስጥ ኪሮኦ ጌምስ የተባለ ድርጅት አውሪዮን የሚባል፣ ከአፍሪካ ተረትና አፈ ታሪክ የተቀዳ ጌም በ2016 ስቲም ላይ ሸጧል። ሉአል ማየን የተባለ ደቡብ ሱዳናዊ ሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አድጎ፣ ሰላም የሚባል ስለ ስደትና ስለ ሰላም የሆነ ጌም ሠርቷል። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ለስልክ አውጥቷል፤ ከባለቤቷ የምታመልጠውን ዶሮ ያላየ ልጅ ያለው ወላጅ እዚህ ካለ ይጠይቅ።

አሁን ወደራሳችን ልጆች ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁ ሦስት ልጆች አንድ ጌም ይዘው መጡ። ተጫዋቿ በአንድ የገጠር ጤና ኬላ የተመደበች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። መድኃኒቱ ውስን ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ አምቡላንስ አይገባም። ማንን እዚያው ማከም፣ ማንን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለባት ትወስናለች። «ዶክተር፣ የሕክምናው ነገር ትክክል መሆኑን ይዩልን» አሉኝ። አየሁት። በመጀመሪያው ረቂቅ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አንቲባዮቲክ ሲሰጠው ተጫዋቿ ነጥብ ታገኝ ነበር። አወራን፤ ለአብዛኛው ውኃማ ተቅማጥ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ ነው፤ ኦአርኤሱም አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው። ልጆቹ ለወጡት። አሁን ተጫዋቿ ሊትሩን በትክክል ካልለካች ሕፃኑ አይሻለውም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ነገር ለተማሪ ለማስያዝ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌክቸር ስሰጥ ኖሬያለሁ።

ጌሙ አለቀ። ከዚያ ጥያቄያቸው ተለወጠ፦ «ዶክተር፣ ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስትራይፕ የተባለው ታዋቂ የክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ስቲም በባንክ ይልካል፤ ነገር ግን የተመዘገበው ሰው ስምና የባንክ አካውንቱ ስም አንድ መሆን አለበት። ሦስት ልጆች፣ አንድ አካውንት፤ የማን ይሁን? በብርም አይሸጥም፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ተጫዋች ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለው የገዛ አገሩን ጌም መግዛት አይችልም። በ2024 ሐምሌ ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩን በባንክ ማስገባቱ እንደ ድሮው አያስቆጭም፤ ላኪ ሆኖ የተመዘገበም በዚያው ዓመት ከሚያስገባው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን ይዞ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነበር። ላኪ ሆኖ ለመመዝገብ ግን ንግድ ፈቃድ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ጊዜ ይጠይቃል።

ከልጆቹ አንዱ «አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ በስሙ ይመዝገብልን» አለ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዘመድ ደግ ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ጌሙ የዘመድየው ይሆናል፤ ታክሱም በእሱ ስም ይመጣል። ጌሙ ካልተሸጠ ችግር የለም። ከተሸጠ ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የሚጣላው ቤተሰብ ነው። ለዚህ ነው መልሱን ከዘመድ ላይ አንሥተን ተቋም ላይ እናድርገው የምለው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ከዚህ ማኅበር የምጠይቀው አምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የመመዝገቢያው መቶ ዶላር። ለእኛ የአንድ እራት ግብዣ ነው፤ ለተመራቂ ልጅ የወራት ቁጠባ ነው። ማኅበሩ በዓመት ለአሥር ጌም የሚሆን 1,000 ዶላር ይመድብ። የሚሸጠው ጌም መቶውን ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ውል። የሕግ ምሩቃን እዚህ አላችሁ። ሦስት ጓደኛሞች ጌም ከመጀመራቸው በፊት ማን ስንት እንደሚካፈል፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን የሚናገር ባለ ሁለት ገጽ ውል አዘጋጁላቸው። ሒሳብ ያጠናችሁ ደግሞ ንግድ ፈቃዱንና ግብሩን አስረዷቸው። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪ በመመረቂያ ፕሮጀክቱ የሠራው ጌም የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወስን። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚወሰን ነገር ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው።

ሦስተኛ፣ ለመምህሮቻችን። ጌም እንደ መመረቂያ ፕሮጀክት ሲቀርብ መሸጡም ይመዘን። የጌሙ ገጽ ከሽያጩ ብዙ ወራት ቀድሞ ይከፈት፤ ሰዎች «ሲወጣ አሳውቁኝ» ብለው ይመዝገቡ፤ ነጻ ማሳያ ይዘጋጅ። ስቲም በዓመት ሦስት ጊዜ ገና ያልወጡ ጌሞችን ማሳያ ለሕዝብ የሚያቀርብበት በዓል አለው፤ ማስታወቂያ መክፈል ለማይችል ሰው ከዚያ የተሻለ ዕድል የለም። የመሥሪያ ሶፍትዌሩም ቢሆን ይታሰብበት። ዩኒቲ የተባለው በ2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ገንዘብ እጠይቃለሁ ብሎ ሠሪዎችን አስደንግጦ፣ ከዓመት በኋላ ነው የሰረዘው። ጎዶ የተባለው ግን ነጻ ነው፤ ማንም ተነሥቶ ዋጋ ሊጥልበት አይችልም።

አራተኛ፣ ከውጭ አገር ለመጣችሁ። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ የመጣችሁ አላችሁ። የልጆቻችን ጌም ሲወጣ በሙሉ ዋጋ ግዙት፤ ተጫወቱት፤ ያያችሁትን በሐቅ ጻፉ። አሥር ሰው አስተያየት እስኪጽፍበት ድረስ ስቲም ለጌሙ ውጤት አያወጣለትም፤ የሚቆጠረውም ገዝቶ የጻፈው ነው፣ በነጻ የተሰጠው ሰው አስተያየት ውጤቱ ላይ አይገባም። ሳትጫወቱ «በጣም ጎበዝ ናችሁ» ብላችሁ አትጻፉ፤ አይጠቅማቸውም። የከበዳችሁን፣ የሰለቻችሁን ንገሯቸው።

አምስተኛ፣ የሁላችንም ሙያ። የእርሻ ምሩቅ ስለ አዝመራ ጌም ለሚሠራ ልጅ አንድ ከሰዓት ይስጠው። የታሪክ መምህር ስለ አክሱም፣ የቋንቋ መምህር ስለ አማርኛው ያርሙላቸው። የኤሪክ ባሮን እርሻ ዓለም የወደደው የእርሻ ኑሮ ስለሆነ ነው፤ የእኛ እርሻ፣ የእኛ ቡና፣ የእኛ ጤና ኬላ ደግሞ ማንም ያልሠራው ነው።

አንድ ቅሬታ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከመምህሮቻችን አንዱ ትናንት ማታ አንሥተውልኛል። «ልጆቻችን በጌም እየጠፉ ነው፤ አንቺ ሐኪም ሆነሽ ጌም ሽጡ ትያለሽ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ጥያቄው መነሣት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ ተካቷል። ሰው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሲያስቀድመው፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም በአብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የተጫወተ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ግን የመሸጫው መንገድ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጌሙን በነጻ ሰጥቶ፣ ውስጡ የዕድል ሳጥን አስቀምጦ፣ ልጁ ደጋግሞ እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር አለ፤ ቤልጂየም በ2018 ይህን ቁማር ነው ብላለች። ስለዚህ ማኅበሩ የሚደግፈው ጌም አንድ ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፦ ዋጋው በግልጽ ተነግሮ አንዴ የሚከፈልበት፣ መጨረሻም ያለው ይሁን። ገቢው ሊያንስ ይችላል። ይነስ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ስም ያለበት ነገር የሰው ልጅ ድክመት ላይ ገንዘብ ባይሠራ ይሻላል።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል። ሥራችሁን አትልቀቁ። የመጀመሪያው ጌማችሁ ትንሽ ይሁን፤ በስድስት ወር የሚያልቅ ይሁን። ካልተሸጠ የተማራችሁት ይቀራል፤ ከተሸጠ ሁለተኛውን ትሠራላችሁ። በሕክምናም ቢሆን ማንም በልብ ቀዶ ሕክምና አይጀምርም፤ መጀመሪያ ቁስል መስፋት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት ታገኛላችሁ። አንደኛው ለመመዝገቢያው ክፍያ መዋጮ የሚሰጡ ሰዎች፣ ሁለተኛው በሙያቸው አንድ ከሰዓት የሚሰጡ ሰዎች ስማቸውን የሚጽፉበት ነው። ገንዘብ የሌለው ሁለተኛው ላይ ይጻፍ፤ ጊዜ የሌለው አንደኛው ላይ። ሁለቱም የሌለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።